የአስማረን ቢራ ልቀምስ ወደ ደብረ ታቦር

ባሕር ዳር፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ

መናኸሪያው ገና በደንብ አልነቃም። አንዲት ሻይ ሻጭ ከሰሏን ታራግባለች። ረዳቶቹ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ «ወረታ! ደብረ ታቦር! የሞላ!» ይላሉ፤ መኪናው ውስጥ ግን ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ጉንፋን እንዳይዘኝ ፈርቻለሁ፤ ይህ ሁሉ መንገድ የሚኬደው ለአፍንጫዬ ሲባል ነውና።

እኔ ባሕር ዳር ባለ አንድ ባልትና ቤት፣ በርበሬውና ሽሮው ከመታሸጉ በፊት እያሸተትኩና እየቀመስኩ የማሳልፍ ሠራተኛ ነኝ። አስማረ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ለትምህርት ቤልጅየም ሄዶ፣ እዚያ ባለች ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ፣ ሙያውን ይዞ ወደ ትውልድ ከተማው ደብረ ታቦር ተመለሰ። ቤልጅየሞች ከገብስና ከስንዴ የሚጠምቁት፣ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ የሚገባበት ድፍርስ ያለ ነጣ ያለ ቢራ አላቸው። አስማረ ያንኑ በጉና ተራራ ገብስና ከጣና ዳር በሚያስመጣው የትርንጎ ልጣጭ ይጠምቀዋል። ለወዳጅ ዘመድ እንጂ ለገበያ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ጉንፋን የመሰለ ሕመም አልጋ ላይ ጣለው። ሲነሳ ጉልበቱ ተመለሰ፤ ማሽተት ግን አልተመለሰለትም። ያላሸተተ ሰው ደግሞ የሚቀምሰው ነገር የለም። ሰሞኑን ደወለልኝ።

«ሰብልዬ፣ ሁለት ጠመቃ ተቀምጧል። ቢራ ይሁን እጣቢ እኔ የማውቀው ነገር የለም። አፍንጫሽን አውሺኝ። ካልሆነ ሁሉንም እደፋና በርሜሉን እህል አስቀምጥበታለሁ።»

እንደ ወትሮው የሚቀልድ መስሎኝ ሳቄን ጀመርኩ። እሱ አልሳቀም።

ሐሙሲት፣ ረፋድ ላይ

ገበያው ቆሟል። አህዮች ጤፍ ተጭነው መንገዱን ዘግተዋል፤ ሹፌራችን ጥሩምባውን ቢያስጮህ የሚሰማው የለም። አንድ በግ ከባለቤቱ እጅ አምልጦ በሚኒባሳችን ሥር አለፈና ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አቅጣጫ ይጠቁም ጀመር። «ቁርስ ብሉ» ተባልን። ትኩስ ዳቦ በእንቁላል በላሁ። ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ ወዲህ ጨምሯል፤ ዳቦው ደግሞ አንሷል።

ባዶ እጄን ላለመሄድ ከአንድ ቅመም ነጋዴ ዘንድ ድንብላል ገዛሁ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው ሂና የነካው ሽማግሌ ናቸው። ፍሬውን በመዳፌ አሽቼ ሳሸት አዩኝ።

«ቅመም ታውቂያለሽ። ለምን ወጥ ነው?»

«ለቢራ ነው፣ አባባ።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉና ሚዛኑን ለቀቁት። ቀጥለው ግን ራሳቸውም ሳቁ። «እኔ ለወጥ ብዬ ነው የሸጥኩልሽ። ቀሪውን አንቺና ፈጣሪሽ ታውቃላችሁ።»

ከወረታ ታጥፈን አለም በርን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። የፎገራ ሜዳ ከኋላችን እየጠፋ ሄደ። ሙቀቱም አብሮት ቀረ፤ ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ ካብ፣ የታጨደ ስንዴ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው መጣ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት መስኮቱን ዝጉልን ብለው ረዳቱን ተቆጡት። መስኮቱ አይዘጋም ነበር፤ ረዳቱ በጀርባው ከለለልን።

ደብረ ታቦር፣ ከሰዓት በኋላ

አስማረ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል። ባለቤቱ ጥሩወርቅ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የበግ ቅቅል ሠርታ ነበር። ስንበላ ዓይኔ እጁ ላይ አረፈ። ሚጥሚጣውን በማንኪያ እያነሳ ቅቅሉ ላይ ይደፋዋል።

«ማቃጠሉ ብቻ ነው የሚሰማኝ» አለ ሳየው አይቶ። «እሱም ከምንም ይሻላል።»

ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች።

መጥመቂያው ከጓሮ ያለች የጭቃ ቤት ናት። ወፍራም ግድግዳዋ ቅዝቃዜውን ይይዛል። የመጀመሪያውን ጠመቃ ከፈተልኝ። ቀለሙ እንደ አዲስ ገለባ ነው፤ አረፋው ነጭና ወፍራም። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ሁለቱም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

ድንብላል ነበር። ድንብላል ብቻ! ገብሱም፣ ትርንጎውም፣ እርሾውም ከሥሩ ተቀብረዋል። ጎንጨት አደረግኩ፤ የሳሙና ውኃ የቀመስኩ መሰለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ስጦታዬን ላወጣው አፈርኩ።

ምን ልበለው? ከባሕር ዳር ድረስ ያስጠራኝ ሰው ነው። «ጥሩ ነው» ብል እራታችን በደስታ ያልፋል። ዓይኑን ሳየው ግን የሚለምነኝ ደስታ እንዳልሆነ ገባኝ።

«አስማረ፣ ድንብላሉ በዝቷል። በጣም። ይህ አይጠጣም።»

ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ጥሩ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሃለሁ» አለች ጥሩወርቅ፤ ፊቷ ቀልቶ። «ጎረቤትም ጥሩ ነው ብሎሃል፤ ወንድምህም። ልብህ እንዳይሰበር ነው።»

«እኔ እኮ ሽታው ቢሰማኝ ብዬ ነው እየደጋገምኩ የጨመርኩት። አንድ ሰው በቃህ ቢለኝ ኖሮ...» ብርጭቆውን ወስዶ ደጅ ደፋው። በርሜሉንም ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ሁለተኛውን ሳልቀምስ?»

«እሱም በዚያው ምጣኔ የተጠመቀ ነው» አለ። ግን ከፈተው።

ይህኛው ሌላ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሽታ የትርንጎ ልጣጭ ነው፤ ገና በጥፍር የተላጠ ያህል ትኩስ። ከዚያ ገብሱ፤ ከፀሐይ የገባ እህል ይመስል ሞቅ ያለ። ድንብላሉ መጨረሻ ላይ፣ ከዋጡት በኋላ፣ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ምላስ ላይ ቀለል ይላል፤ ጉሮሮ ላይ ቅርንፉድ የነካው ይመስላል። ቅርንፉድ አልገባበትም፤ የእርሾው ሥራ ነው። ሳላስበው ብርጭቆውን ጨረስኩት።

«ይህ ግሩም ነው» አልኩ።

አስማረ ተቆጣ። «አታባብይኝ! ምጣኔው አንድ ነው እኮ።»

«አንድ አይደለም» አለች ጥሩወርቅ ከበሩ በኩል። «ያን ቀን ስልክ ሲጠራህ ድንብላሉን ጨምሪልኝ ብለኸኝ ወጣህ። ጥቂት ጨመርኩ፤ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ሲመጣ በቃው አልኩ። የቀረውን ወደ ዕቃው መለስኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማሽተቱ ተወሰደብህ። ምጣኔውንም እኔ ስወስድብህ ምን ይቀርሃል ብዬ ነዋ!»

እኔ መቆም ያለብኝ እዚያ አልነበረም፤ መውጫው በር ግን በእሷ በኩል ነው። አስማረ ባዶውን ብርጭቆዬን ሲያገላብጥ ቆየና ሞላው። ለእኔ አልሰጠኝም፤ ለእሷ ሰጣት።

«ከዛሬ ጀምሮ መጥፎውን ንገሪኝ» አላት። «ጥሩውን ማንም ይነግረኛል።»

ማታ ሦስታችንም ጠጣን። ጥሩወርቅ የተማሪዎቿን ነገር እያወራች አሳቀችን። አስማረ ቅቅሉ ላይ ሚጥሚጣ ሲጨምር «በቃህ» አለችው፤ ማንኪያውን አስቀመጠ።

ጉና፣ ዓርብ

ገብሱን ያመረቱትን አያ በላይን ሳናስቀምስ አትመለሺም ብሎኝ፣ አስማረ ከሁለተኛው ጠመቃ ቀደም ብሎ የሞላቸውን ጠርሙሶች በገለባ ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር። ጆንያው በቅሎዋ ላይ ነው፤ እኛ፣ ከትምህርት ቤት ፈቃድ የወሰደችው ጥሩወርቅም ጭምር፣ ከኋላ እናለከልካለን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ነዶው በየቦታው ተከምሯል፤ ካብ ለካብ በጎች ይግጣሉ።

አያ በላይ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን ሁለቴ የጠቀለሉ አባወራ ናቸው። ዓርብ ነውና ጾም እስኪፈታ አብረናቸው ጠበቅን። ከዚያ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበ፤ ያን ያህል የሚጣፍጥ ድንች ከጉና ሌላ አላውቅም።

«እስቲ ገብሴን ምን አደረጋችኋት?» አሉ።

አስማረ ቆርኪውን ሲያነሳ፣ በቅሎዋ ስትንጠው የዋለው ቢራ ፈንድቶ ግማሹ የሳቸው ጋቢ ላይ አረፈ። ሚስታቸው ከጓዳ ሳቃቸውን ለቀቁት። አያ በላይ ቀሪውን በዋንጫ ተቀብለው ቀመሱ። ግንባራቸው ተሸበሸበ፤ ደግመው ቀመሱ።

«እንዴት አገኙት፣ አያ?» አለ አስማረ።

«ገብሴን አውቄያታለሁ» አሉ። «የቀረው ግን ዘመዶቿ አይመስለኝም። ጠላዬ ይሻለኛል ልጄ፤ አትቀየመኝ።» ዋንጫውን ግን አልመለሱም።

አስማረ ከት ብሎ ሳቀ። ሁለተኛ ጠርሙስ ከፈተና ለጥሩወርቅ አቀበላት። አሸተተች። ጎንጨት አለች። የቤቱን ባለቤቶች አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ እሱን ቀና ብላ አየችው።

«ይሄኛው ኮምጥጧል።»

በእንግድነት በመጣንበት ቤት፣ በሰው ፊት ነው ያለችው።

«እሰይ» አለ አስማረ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ደጅ ወጥቶ ደፋው፤ ተመልሶም ሌላ ከፍቶ ሰጣት። ለማረጋገጥ ወደ እኔ ዞሮም አላየም።

እኔም ወደ ድንቼ ተመለስኩ።