ከውስጥ የማይከፈተው በር

ሐምሌ 19 ቀን 1996 ዓ.ም. ወንድሜ አብዱልፈታህ በደብተሩ ላይ «ያወረዱበት ቦታ፦» ብሎ ጻፈና ቀሪውን ባዶ ተወው። በማግስቱ ጠዋት የሮቢ ወንዝን ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ላይ፣ በጣርማበር በኩል ነው። እዚህ ያደገ ሰው ከመሻገሩ በፊት ዞር ብሎ ተራራውን ያያል። እሱ ያን ቀን አላየም። ለምን እንዳላየ የማውቀውን ያህል እጽፋለሁ።

አብዱልፈታህ የአርባ ዓመት ሰው ነበር፤ ቆርቆሮ ቀጥቃጭና በያጅ። ሙያውን የተማረው ከአባታችን ነው። አባታችንን ጥር 1970 ሁለት የታጠቁ ሰዎች «ለአጭር ሥራ ትፈለጋለህ» ብለው ከሱቁ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ፣ የሐዘን ጊዜዋን፣ ትቀመጣለች። እናታችን ሐጂራ ግን አልተቀመጠችም፤ መሞቱን የነገራት የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቤቷ በር መቀርቀሪያ አልነበረውም። ማታ ማታ ድንጋይ ታስደግፈዋለች፤ የመጣ ሰው ገፋ አድርጎ እንዲገባ። በ1996 ደረቷን ታማ ሰውነቷ አልቆ ነበር። ባለባል ሆና ትሙት ወይስ ባሏ የሞተባት ሆና፣ እሱን ብቻ እንድንነግራት ትለምነን ነበር።

ግንቦት ላይ ግርማ የሚባል የቀወት ገበሬ ወንድሜን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ግቢው ጠራው። ማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት አሮጌ መኪና ቆማለች። በ1983 ወታደሩ ሲሸሽ መንገድ ዳር ተጥላ አግኝቶ በበሬ ያስጎተታት ናት። ፊቷ የጭነት መኪና ነው፤ ኋላዋ መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ሣጥን። እንዲህ ሆኖ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና የለም። ግርማ ሣጥኑ ተቆርጦ የውሃ ማጠራቀሚያ እንዲሆንለት ፈለገ። ዶሮዎቹ እንኳ ሊያድሩባት እንዳልወደዱ የነገረው እየሳቀ ነበር።

ወንድሜ ሊለካ ገባ። ነፋስ ይሁን የመሬቱ መዝመም፣ በሩ ተዘጋበት። ከውስጥ እጀታ የለውም። ግርማ የውጩን እጀታ ቢታገል ዝገቱ አላላቅቅ አለው። የቆላ ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ይፋጃል። አብዱልፈታህ በጨለማው በሩን ሲዳብስ መጀመሪያ ጣቱ ያረፈው ጭረት ላይ ነው፤ ከታች እስከ ትከሻ ቁመት፣ ጥፍር የሄደበት። ከዚያ በታችኛው ማዕዘን ጎን ለጎን የተመቱ ሁለት ሪቬቶች፣ የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማሮች፣ አገኘ። ሌላው ቀጥቃጭ ማዕዘን ላይ አንድ ይመታል፤ ሁለት የሚመታው አባታችን ብቻ ነበር። አንደኛው ሲነካው ተነቃነቀ። ሲስበው የበሩን መቀርቀሪያ የሚጎትት ረጅም ሽቦ ተከትሎት መጣ፤ በሩም ተከፈተ።

«ልትቆርጣት መጥተህ ልታገባት ነው እንዴ? ምነው ፈዘዝክ?» አለው ግርማ።

«ጋሽ ግርማ፣ እንዳትነኳት። የአባቴ እጅ ናት።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልያዘም። የሻንሲዋን ቁጥር በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ላከልኝ። የመንግሥት መዝገብ መያዝ ሥራዬ ነው፤ አንድ ወር ፈለግኩ። ያገኘሁት አንድ መስመር ነው፦ «አካሉ በአካባቢ ባለሙያ የተሠራ፤ ሾፌር ስንታየሁ፣ የአጣዬ ሰው።» የባለሙያው ስም የለም። መድረሻ የሚለው ዓምድ እስከ ገጹ ግርጌ ባዶ ነው። የሾፌሩን ስም ለወንድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ስንታየሁን አጣዬ አገኘው፤ አርጅቷል። ሁለት ጊዜ አላውቅም ብሎ መለሰው። በሁለተኛው ቀን በር ድረስ ሸኝቶት እናቱ ደህና መሆኗን፣ ቤታቸውም አሁንም መስጊዱ ጀርባ እንደሆነ ጠየቀው። ቤታችን የት እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሐምሌ 19 ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ ሪቬቱን ከነሽቦው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ሽማግሌው የተናገረውን ከደብተሩ እንዳለ እገለብጣለሁ።

«አባትህ ሣጥኑን ሠራ። ከውስጥ እጀታ እንዳታደርግ አሉት፤ እሺ አለ። በሁለተኛው ጉዞ ሦስት ሰዎች በሩን ከፍተው ዘለው ጠፉ። አለቆቹ እንዴት እንደተከፈተ አላወቁም፤ ማን እንደሠራው ግን ያውቃሉ። በሦስተኛው ጉዞ የጫንኩት እሱን ነው። ሽቦው የት እንዳለ ያውቃል፤ እጁን ግን የፊጥኝ አስረውታል።»

አባታችንን ያወረዱበትን ቦታ ሲጠይቀው፣ ነገ ከሰዓት ብቻውን ቢመጣ ወስዶ እንደሚያሳየው ነገረው።

በማግስቱ ጠዋት፣ አጣዬ ከመሄዱ በፊት፣ ያን አባታችን የሠራውን በር ነቅሎ ለእናታችን ሊያመጣ ወደ ግርማ ግቢ አመራ። ዓይኑ ማዶ ማንጎው ላይ እንደነበር ግርማ ከዳር ሆኖ አይቷል፤ ጮኾ ሲጠራውም አልሰማውም። ከቀብሩ በኋላ አጣዬ ሄድኩ። የስንታየሁ ቤት ተቆልፏል፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ስለ ወንድሜ አሟሟት ከደራሽ ውሃ ሌላ ማስረጃ የለኝም። የደብተሩን ባዶ ቦታም አልሞላሁትም።

የዚያን የሐምሌ 19ን ምሽት የነገረችኝ እናታችን ናት። አብዱልፈታህ ከአጣዬ ሲመለስ ገበያ ገብቶ አንድ የብረት መቀርቀሪያና አራት ምስማር ገዝቶ ነበር። መሸት ሲል ደርሶ ሰላም ካላት በኋላ መዶሻውን አውጥቶ በሩ ሥር ተንበረከከ። ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ከእንግዲህ ቀርቅሪው፣ እማ» አላት።

ከእንግዲህ የምትጠብቀው እንደሌለ ተረዳች። ሸሆቹ ጊዜው አልፏል ቢሏትም ኢዳዋን ከዚያች ምሽት ጀምራ ቆጠረች። እሱ አራቱን ምስማሮች መታ፤ ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው፤ ከዚያ በሩን ሲደግፍ የኖረውን ድንጋይ አንስቶ ወስዶ አጥሩ ሥር አስቀመጠው።