ከተሜ የተባሉት ገበሬ

«ኦቦ ቶለራ፣ እርስዎ እኮ አሁን ከተሜ ነዎት። ማዳበሪያ የምንሰጠው ለገበሬ ነው።»

ጎረቤቴ ይህን የተባሉት ዛሬ ጠዋት፣ አምቦ ዳር ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ማሳቸው ዓምና ወደ ከተማው ክልል ገብቷል፤ እሳቸው ግን ዛሬም ያርሱታል።

ተያይዘን ወደ ከተማው አስተዳደር ቢሮ ሄድን። ጸሐፊዋ ቅጹን አገላበጠች። «አባባ፣ ሥራ በሚለው ሥር ነጋዴ፣ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ ነው ያለው። ገበሬ የሚል የለም።»

«በሬዎቼን ጡረታ ላውጣቸው እንዴ?»

ሳቀች፤ ገበሬ ናቸው የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ግን አልጻፈችም። (ቢሮው የቆመው የኦቦ ቶለራ አባት ጤፍ ይዘሩበት በነበረ መሬት ላይ ነው።)

የጤፍ መዝሪያው ሊያልፍ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጉደርም ሆነ ባኮ፣ ከተማ የደረሰባችሁ ገበሬዎች ማዳበሪያ ያገኛችሁት የትኛውን ቢሮ አንኳኩታችሁ ነው? ጻፉልኝ፤ ኦቦ ቶለራ አጠገቤ ተቀምጠው መልሳችሁን እየጠበቁ ነው።