ሳይጻፍ የቀረ ሰላምታ

ፊደል የቆጠርኩት ሦስት ልጅ አሳድጌ፣ አራተኛውን ቀብሬ ነው። በቀበሌያችን አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። አብረውኝ የጀመሩት ሴቶች ስማቸውን መጻፍ እንደቻሉ አንድ በአንድ ቀሩ። ጎደሬው መታረም ይፈልጋል፣ ገበያው ይጠራል። እኔ ያልቀረሁት ከእነሱ በልጬ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ስለነበር ነው። እስከዚያ ድረስ የቤታችንን ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነበር። እሱ ሲሄድ ለእሱ የሚጽፍለት ጠፋ።

የጂንካ ልጅ ነኝ። ከእናቴ ጋር የማወራው በአሪኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ገበያ ላይ፣ ቅቤ ስሸጥ ነው። እና ብዕር ስይዝ ሁለት ሥራ ነበረብኝ፤ መጀመሪያ ቃሉን መፈለግ፣ ከዚያ ፊደሉን መፈለግ።

መምህርቷ ከመሀል አገር የመጣች ቀጭን ሴት ነበረች። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ሳሳያት አገላብጣ አየችውና፣

«እትዬ፣ ደብዳቤው የታለ?» አለችኝ።

«ይኸው ይዘሽው!»

«ይሄማ ሰላምታ ነው።»

እውነቷን ነው። ደብዳቤ ሊጻፍ ነው ከተባለ ሰፈሩ ይሰማል። አንዷ በአጥር በኩል «እኔንም ጻፊኝ» ትላለች፣ አንዱ ከመንገድ ተመልሶ «የእኔን ሰላምታ እንዳትረሺ» ይላል። እምቢ ብል ቅሬታ ነው። እገሌ ሰላም ይልሃል፣ እገሊት ጉንጭህን ትስማለች እያልኩ ሁለቱንም ገጽ ሞልቼ፣ መጨረሻ ላይ ለእኔ ለእናቱ የቀረኝ ቦታ አውራ ጣት አታህልም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርቷ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በየቀኑ አምስት መስመር። ብዙ አይደለም፤ ግን አይቀርም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ። «በጣም አዘንኩ» ብዬ ጽፌ ስወስድላት ትሰርዘዋለች። «ስታዝኚ ምን አደረግሽ?» ትለኛለች። «ምንም፤ ቅቤ ናጥኩ።» «እሱን ጻፊው።» ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ጮክ ብዬ ለራሴ እንዳነብ አዘዘችኝ። ምላስ የሚያደናቅፈው ቃል ይውጣ አለች። ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ደጄ ላይ በርጩማ አውጥቼ እቀመጣለሁ። አምስቱን መስመር ሳልጨርስ እንስራ አላነሳም። መጀመሪያ ላይ ፀሐይ አናቴ ላይ ትደርስ ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ ውኃ ቀድተው ከሚገቡት ሴቶች ጋር እኩል እገባ ጀመር። ጎረቤቶቼ «ጸሐፊዋ» ይሉኝ ነበር፤ ግማሹ ፌዝ ነው፣ ግማሹም ፍርሃት ይመስለኛል። በዚያን ዘመን ምን ትጽፋለች ብሎ የማይሰጋ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ጎበዝ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ባሌ የሰው ቤት ሲከድን ከጣሪያ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመው ተራራው ላይ ያለ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት፤ ሁለት ወር ያህል እዚያ ተኛ። በዚያው ሰሞን ለልጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያየው ሁሉ ደስ የሚለው ደብዳቤ ነበር። ስለ ላሟ መውለድ፣ የታናሽ እህቱ ጥርስ ስለ መውለቁ፣ የአውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ስለ ገቡት ፍየሎችና አብራሪው ወርዶ ስላባረራቸው ጻፍኩለት። ሰላምታውን አሳጠርኩ። አጠገቤ ተቀምጠው «ሰላም በይልኝ» ያሉኝን ሦስት ሰዎች ብቻ አስገባሁ፦ እናቴን፣ ትንሿን ልጄንና የጎረቤቴን ሚስት። ባሌ አጠገቤ አልነበረም፤ ሰላም በይልኝም አላለኝም። ያልሰማሽውን አትጻፊ ተብያለሁ። የእግሩን ነገር ደግሞ ልጁን በሩቅ ላለማስጨነቅ ብዬ ተውኩት። እንዲህ አድርጌ፣ በኩራት፣ አሽጌ ላክሁ።

መልሱ በፖስታ አልመጣም። ክንዱን ቆስሎ ከግንባር የተሰናበተ የጎረቤታችን የቀይ አፈር ከተማ ልጅ በካናቴራው ውስጥ ደብቆ አመጣልኝ። ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እናቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» ብሎ ጠይቆ ነው የሰጠኝ። በእጅ የሚሄድ ስለሆነ ልጄ የልቡን ጽፏል።

ከዚህ በፊት የሆነ ነገር መናገር አለብኝ። የባሌ ወንድም ሲሞት ልጁ አዲስ አበባ ነበር። በእኛ ዘንድ ሩቅ ያለ ሰው መርዶ በደብዳቤ አይነገረውም። እና ወንድምዬው ከተቀበረ በኋላ ዓመት ሙሉ «አባትህ ሰላም ይልሃል» እያልን ጽፈናል። የሚጽፈው ደግሞ የእኔ ልጅ ነበር። እኔ እየነገርኩት፣ እሱ እየጻፈ።

አሁን ልጄ እንዲህ አለኝ፦ «እማ፣ የአጎቴን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልረሳሁትም። አንቺ ግን በአባባ ላይ እንደዚያ ብለሽ መጻፍ አቅቶሽ ነው ሰላምታውን የተውሽው። መሞቱን አውቄአለሁ። ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ከለከሉኝ። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም መጥቼ አለቅሰዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ እነሳለሁ።»

ጠፍቶ የተያዘ ወታደር ምን እንደሚሆን ያልሰማ በከተማችን አልነበረም። ቁስለኛውን፣ «አባቱ እኮ አለ፣ ወጌሻ ዘንድ ነው! ተመልሰህ ንገርልኝ» አልኩት።

«እኔ ወደዚያ አልመለስም፣ እናቴ። ጻፊለት። ግን በፖስታ የሚገባው ይከፈታል። ‹አትምጣ› እንዳትይው። ‹አትምጣ› ካልሽ፣ ሊመጣ ነበር ማለት ነው ይላሉ።»

ሰውየው ከሄደ በኋላ ወረቀት ፊቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አትምጣ ማለት አልችልም። ደብዳቤህ ደርሶኛል ማለት አልችልም፤ በየት ደረሰሽ ይላሉ። አባትህ ደህና ነው ብዬ ብጽፍ ደግሞ ያው የአጎቱ ደብዳቤ ነው። እግሩ ተሰብሮ ነበር ብል ጭራሽ የባሰ ነው፤ መርዶ ሲሰናዳ መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነበር» ነው የሚባለው። በየት በኩል ብወጣ በሩ ዝግ ነው። ለቀበሌ አይነገር፣ ለጎረቤት አይነገር።

ባሌ ከወጌሻው ቤት የመጣው በዚያው ሳምንት ነበር፤ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ። ለእሱ ነገርኩት።

«ሞተ አለኝ?» አለ፣ ጠላ እንደተከለከለ ሰው ተቆጥቶ። «አልቅሶልኛል?»

«አልቅሷል መሰለኝ።»

«እሱስ ደህና ልጅ ነው። በይ አሻራዬን አድርጊና ላኪለት።»

«አሻራ ሬሳም አለው።»

«አፍሽ ይቆረጥ፣ ሴትዮ!»

መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ። እሷም የመንግሥት ሠራተኛ ናትና እውነቱን ልነግራት ፈራሁ። «አንድ ሰው በሕይወት እንዳለ እንዲታመን አድርጎ እንዴት ይጻፋል?» አልኳት።

«ታሪክ ልትጽፊ ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«አዎ» አልኩ፣ ዓይኗን ሳላይ።

ደስ አላት። «እንግዲያው ደግ አታድርጊው» አለችኝ። «ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ያደርገዋል። ያልሞተ ሰው ግን ያናድዳል።»

ሦስት ቀን ባሌ አጠገብ ተቀምጬ የሚለውንና የሚያደርገውን ጻፍኩ። ከአምስት መስመር ሃምሳ ሆነ። ወጌሻውን ሲሰድብ፣ ቀርከሃው ውስጥ ሲበላው በማማሰያ እጀታ ሲያክ፣ ሾርባው ቀጠነ ብሎ ሲያኮርፍ ጻፍኩ። ከዚህ ሁሉ ግን አንዱ ነገር ነው ያዳነኝ። የእኛ አልጋ ከፍ ያለ ስለሆነ በተሰበረ እግር መውጣት አቃተው። ልጄ ከመሄዱ በፊት በገዛ እጁ ከዋንዛ የሠራው አልጋ ነበረው፤ ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ ነው የሄደው። ባሌ እኔ ገበያ ሳለሁ መጋዝ ተውሶ፣ አራቱንም እግር ቆርጦ፣ መሬት አስጠግቶ ተኛበት። ስመጣ ቁርጥራጮቹ ምድጃው አጠገብ ተከምረዋል።

«ምን አደረግክ? ልጁ ምን ይላል?»

«ይመጣና ይከሰኛል። እስከዚያ እተኛበታለሁ።»

ይህን ነው የጻፍኩለት። «አባቴን ሰላም በይልኝ ልትለኝ አትችልም፤ አላናግረውም፣ ተጣልተናል» ብዬ ጀመርኩ። የመጋዙን ነገር፣ ከነተዋሰበት ቤት፣ ጻፍኩ። አራተኛው እግር ስላጠረበት አልጋው እንደሚያነክስ፣ ባሌም «እንደ እኔው ነው» ብሎ እንደሳቀ ጻፍኩ። «በጣም» የሚል ቃል አላስገባሁም። ስድስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሁለት መስመር አወጣሁ። መጨረሻ ላይ «አባትህ ሰላም ይልሃል» ልጨምር ብዬ ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ያች ቃል ነበረች የምትገድለው።

ወንዙ ሞልቶ አውቶቡስ ስለቆመ ደብዳቤው የሚሄደው በአውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኑ ደግሞ የሜዳው ሣር ካልደረቀ አያርፍም። ሁለት ጊዜ በከተማው ላይ ዞሮ ዞሮ ተመለሰ። በሦስተኛው የፖስታው ከረጢት ሲጫን አጥሩን ይዤ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዝናቡ አባራ። ሌሎች እናቶች የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰሙ ልጄ ይሆን ብለው ይወጣሉ። እኔ ደግሞ እሱ እንዳይሆን እየለመንኩ እወጣለሁ። ልጇ እንዳይመጣ የምትጸልይ እናት ሆንኩ። ለሰው አይወራም። የአምስት መስመር ሥራዬን አላቋረጥኩም፤ እጄ ካልሠራ አፌ ይለፈልፋል ብዬ ስለፈራሁ።

በሁለተኛው ወር መልስ በፖስታ መጣ። ተከፍቶ የታሸገ ነው፣ ያስታውቃል። ደጄ ላይ ለባሌ አነበብኩለት። ሰላምታ የለውም። «አባባ ምን ቆርጦት ነው አልጋዬን የሚነካው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለእናትና ለአባት የማይጻፍ ቃል ሁሉ ነበረበት። የዋንዛውን እንጨት ከየት ተሸክሞ እንዳመጣው ቆጥሮብናል። ስለ ፈቃድ አንድም ቃል የለም። ባሌ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው ቀጠለ።

እኔ አልሳቅኩም። ያን ቀን ነው የገባኝ። ጽሕፈቴ ሠራ። ልጄ አመነ፣ አመነና እዚያው ጦርነቱ ውስጥ ቀረ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ጻፍኩለት። ሠራዊቱ ሲበተን በእግርም በመኪናም ብሎ መጣ፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። ለሳምንት ያህል ሰው ሲያስገባና ሲያስወጣ ከርሞ፣ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኩት።

«ያ ደብዳቤ ባይደርስህ ትመጣ ነበር?»

«ከሁለት ልጆች ጋር ቀን ቆርጠን ነበር።»

«እነሱስ?»

«ሄዱ። አንዱ አገሩ ገባ፤ ሚስት አግብቶ ወልዷል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዱን በሦስተኛው ቀን መልሰው አምጥተው ፊታችን አቁመው ረሸኑት።»

«አንተ ከየትኛው ጋር ነበር የምትሄደው?»

«አብረው ነው የሄዱት እኮ፣ እማ።»

ያ ደብዳቤ አዳነህ ወይስ ጎዳህ ብዬም ጠየቅኩት። የተቀመጥኩት በማይሰማው ጆሮው በኩል ነበርና አልሰማኝም። ዞሬ በወዲያኛው በኩል አልጠየቅኩትም።