የሠላሳ አንድ ሰዎች አባት

ዓዲላ ሙሄ ከሚሴ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቷ ውስጥ የስንት ሰው ዲግሪ እንደጻፈች ራሷም አታውቀውም። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግድም የመንግሥት ሠራተኛው በሙሉ የርቀት ትምህርት ተማሪ ሆኖ ነበር። ዲግሪ የሌለው በሚመጣው ድልድል ወንበሩን ያጣል ተብሎ ስለተወራ የከብት ሐኪሙም፣ መዝገብ ቤቱም፣ ሾፌሩም ተመዘገቡ። አብዛኞቹ የመረጡት ሶሲዮሎጂን ነው። ለምን ቢባል፣ ሂሳብ የለበትም ተብሎ።

እነሱ ሞጁሉን ሳይገልጡ የጓደኛቸውን አሳይመንት በእጃቸው ገልብጠው ያመጡላታል፤ እሷ ደግሞ ስትተይብ ታነባለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ሳይመጣላት ከቀረ ጀምሮ ትምህርት የሚባል ነገር ልቧን ሲበላው ኖሯል። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ሳትመዘገብ፣ ከሚሴ ውስጥ ከእሷ የተሻለ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ጠፋ።

የትምህርቱ አባት የሚባለውን ሰውዬ «ፈረንሳዩ» ትለዋለች። ፈረንሳዩ የሰው አስተሳሰብ በሦስት ደረጃ ያልፋል ባይ ነው። ሰው መጀመሪያ ነገሩን ሁሉ በመናፍስትና በአምላክ ያስረዳል፤ ቀጥሎ በረቀቀ ሐሳብ፤ በመጨረሻ ግን በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠውን ብቻ ዕውቀት ብሎ ይይዛል። ዓዲላ የመጀመሪያውን ደረጃ በተየበች ቁጥር «አስተግፊሩላህ» ትላለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ሰውዬውን ትወደዋለች፤ አባቷን ያስታውሳታል።

አንድ ቀን ሲራጅ የተባለ የሥራ ሂደት ባለቤት አሳይመንቱን ይዞ መጣ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ በማየት ላይ የተመሠረተ ዕውቀት ከአካባቢህ ምሳሌ ስጥ ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው። ሲራጅ ስብሰባ እንዳለበት ነግሯት፣ ያቺን አንቺው ሙያት ብሎ ሄደ።

ሞላቻት። አባቴ የሰንበቴ ከብት ደላላ ነበር ብላ ጀመረች። ደንበኞቹ የአፋር ሰዎች ነበሩ። አፋሮች ሲገናኙ ስለ ግመልና ስለ በሬ ከማውራታቸው በፊት ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፦ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ማን እንደሞተና ማን እንደተወለደ። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ለሰማው ከማን እንደሰማ ስም ይጠራል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያደምጠው የለም። ፈረንሳዩ ሳይወለድ ሰንበቴ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበረች ብላ ከጨረሰች በኋላ፣ ጥያቄው ማየት ስለሚል፣ «እኔም ከአባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመረች። የምትጽፈው በሲራጅ ስም መሆኑን ጨርሶ ረስታው ነበር።

ሲራጅ አላነበበውም። ጓደኛው ወስዶ ገለበጠው፤ የጓደኛው ጓደኛም እንደዚሁ። ከደሴ የሚመጣው አስተማሪ፣ መምህር ሙሀመድአሚን፣ ወረቀቶቹን ሲያርም ሠላሳ አንድ ተማሪ አባቱ የሰንበቴ ከብት ደላላ ሆኖ አገኘው። ከሠላሳ አንዱ አንዱ የተወለደው ጎጃም ነው።

ቅዳሜ ክፍል ውስጥ የሆነውን ኋላ ለዓዲላ የነገራት ሲራጅ ነው። መምህሩ ሁላችሁም ወንድማማች ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሳቀ የለም። ይሄን ያየው ማነው አለ። ከማን አገኘኸው እያለ አንድ በአንድ ሲጠይቅ፣ ያኛው ወደዚህኛው፣ ይሄኛው ወደዚያኛው እየጠቆመ መጨረሻው ሲራጅ ዘንድ ደረሰ። ሲራጅ አንገቱን ደፍቶ የዓዲላን ስም ጠራ።

መምህሩ በዚያው ቀን ቤቷ ድረስ መጣ። ዓዲላ ሱቄን ሊያዘጋብኝ ነው ብላ ደነገጠች። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ዳጉ ጥናት እያካሄደ መሆኑን ነገራት። የአካባቢውን ቋንቋ የምታውቅ፣ ነገሩን በዓይኗ ያየች ረዳት ይፈልጋል፤ ረዳት ሆና ከሠራች ኮሌጁ በነፃ እንዲመዘግባት ይጽፍላታል። ዓዲላ ጆሮዋን አላመነችም። ስትመኘው የኖረችው ነገር በሯ ድረስ መጥቶ ቁጭ ብሏል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለ ማስታወሻውን ገልጦ። «አይተሻል?»

አይቻለሁ ብላ ጽፋለች፤ መድገም ብቻ ነው የሚቀራት። ሐቁ ግን ሌላ ነው። ልጅ እያለች ከእናቷ ጋር እህል ተራ ነበር የምትውለው፤ ከብት ተራ ወንዶቹ መሐል ገብታ አታውቅም። ዳጉን የምታውቀው አባቷ ከገበያ ሲመለሱ እየተረኩላት ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ሲተርኩ፣ ይቺን አይቻለሁ፣ ይቺን ከሐመዱ ሰምቻለሁ እያሉ ነበር።

«ሰማሁ እንጂ አላየሁም፣ መምህር» አለች። «ከአባቴ ነው የሰማሁት። ያዩት እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸውን ላገኛቸው እችላለሁ?»

«ዓምና ወደ አኼራ ሄዱ።»

መምህሩ አላህ ይዘንላቸው አለ። የሰማ ሰው ሞልቶልኛል፣ ያጣሁት ያየ ነው አለና ማስታወሻውን አጥፎ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ ካየች እንድትነግረው አላት። ሲወጣ ዓዲላን ቆጫት። አንዲት ቃል ነበረች፤ ማን ያውቅብኝ ነበር እያለች ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ተጣላች።

እሑድ ሱቋን ዘግታ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ፣ በሚኒባስ ሰንበቴ ወረደች። ከብት ተራው ጥግ ግራር ሥር አምስት ስድስት የአፋር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሴት ልጅ ደብተር ይዛ ስትጠጋቸው ዞር ብለው አዩዋት። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታ ማን መሆኗን ስትናገር፣ ከመሐላቸው ጺሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ቀና አለ። ሐመዱ ነበር፤ የአባቷ የሠላሳ ዓመት ደንበኛ። ታሞ ቆላ ከርሞ ገበያ ሲወጣ ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

«ኢንተላ ሙሄ» አላት፤ የሙሄ ልጅ ማለቱ ነው። አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት። «ስለ አባትሽ ሁለት ወሬ መጥቶልኛል። አንዱ ሞቷል አለ፤ አንዱ ደሴ ተኝቷል አለ። ሁለቱም ሰምተው ነው። ያየ አላገኘሁም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሞቷል ብዬ አልተናገርኩም።»

ሌሎቹም ወደ እሷ ዞሩ። ዓዲላ ደብተሩን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አይቻለሁ» አለች። «ዓርብ ቀን ነው፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከሚሴ እኔ ቤት። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። ሸሃዳቸውን ብለው ነው የሄዱት። ከማንም አልሰማሁም፤ እኔው ነኝ ያየሁት።»

ሐመዱ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ሌሎቹም ዘረጉ። ዱዓው እስኪያልቅ ዓዲላ አለቀሰች፤ ማንም ተይ አላላትም። የአባቷ ሞት ከተቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የሆነ መሰላት፤ ግን ደግሞ ቀለላት። ወዲያው አንድ ወጣት ነጋዴ መጣና ሰላምታ ሰጥቶ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጠ። ሐመዱ ዝናቡን ነገረው፣ ሣሩን ነገረው፣ ከዚያ በአገጩ ወደ ዓዲላ ጠቆመ።

«ሙሄ ደላላው ሞቷል» አለው። «ከልጁ ነው የሰማሁት። እሷ አይታለች።»