የአምስቱ አናባቢዎች ዱዓ

በደርግ ጊዜ፣ ሐይቅ ተማሪ ሳለሁ፣ አምስቱን የእንግሊዝኛ አናባቢዎች አንድ ላይ የያዙ ረጃጅም ቃላትን ከነትርጉማቸው በመሸምደድ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ዝናብ ጠፍቶ ጎረቤታችን ሼህ ይመር ቤት ለዱዓ ተሰብስበናል። ሼሁ ወደ እኔ ዞሩና፣ «እስኪ አንተም በተማርከው በፈረንጅ አፍ ዱዓ አድርግልን» አሉኝ። ለዱዓ ተጠይቆ እንቢ አይባልም። እጄን ዘርግቼ «ኤጁኬሽን!» አልኩ፤ ትምህርት ማለቴ ነው። ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ።

«ፕሪኮሽን!» ጥንቃቄ።

«አሚን!»

ሞቅ ሲለኝ ከሁሉም የሚረዝመውን ለቀቅሁት፤ «ካውንተርሬቮሉሽናሪ!» ፀረ አብዮተኛ ማለት ነው። ከሁሉ አስበልጦ «አሚን!» ያለው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር።

ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ያቺ የመጨረሻዋ ከበድ ትላለች። ምን ማለት ናት?»

እውነቱን ብናገር መታሰሬ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «የአብዮቱ ዘብ ማለት ነው፣ ጓድ» አልኩት። እስኪይዛት ድረስ አስደገመኝ።

እሑድ ከደሴ ካድሬዎች መጡ። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጣና ግራ እጁን ጨብጦ፣ «እኔ ካውንተርሬቮሉሽናሪ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። የካድሬዎቹ አለቃ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፤ እሱም ግራ እጁን አነሳ።

«እኛም ነን!»