የሸዋ ቤንቹ ጣሪያ

ጎረቤታችን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊያከራያቸው የሚሠራቸውን ክፍሎች በጋውን ሙሉ ግድግዳቸውን ሲያስመርግ ከርሞ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ሐምሌ ቀደመው። ዛሬ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ሁለት ሠራተኞች ከአጥሩ ማዶ ሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደች አሮጌ የቀለም ጣሳ ከበው እጃቸውን ያሞቃሉ። ከጣሳዋ የሚወጣው የሬንጅ ሽታ ከጭጋጉ ጋር ተደባልቆ መሬት ለመሬት እየተሳበ ጓዳዬ ድረስ ገባ። ሌላ ሰው ሬንጅ ሲሸተው የመንገድ ሥራ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ቅናት ነው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯት፣ የሚዛን ተፈሪን ልጆችና የልጆቻቸውን ልጆች ፊደል ያስቆጠረች መምህርት እንዲህ ማለቷ ያሳፍራል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ ነው።

አባቴ አናጢ ነበሩ። በጎረምሳነታቸው ከወሎ መጥተው ከቡና መጋዘን ወደ ቡና መጋዘን፣ ከቴፒ እስከ ቱም እየተዘዋወሩ ሲሠሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ሚዛን ላይ ከእናቴ ጋር ጎጆ ቀለሱ። በከተማው ውስጥ እሳቸው በር ያልገጠሙለት ወይም ጣሪያ ያልከደኑለት ቤት ቢፈለግ ጥቂት ነበር፤ እኛ ግን የምንኖረው ሳር ቤት ውስጥ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ሳሩ ዝናቡን ጠጥቶ ይከብድና ጥቁር ውሃ እየጨመቀ ደብተሬ ላይ ያንጠባጥብ ነበር። መጽናኛችን ከጓሮ፣ ከሙዝ ተክሉ ስር የተከመረው ቆርቆሮ ነው። አባቴ ከየሥራው የተረፈውን፣ አንዳንዴም በደመወዝ ፈንታ የተሰጣቸውን አንድ ሁለት እያሉ ለዓመታት ያጠራቀሙት ሲሆን፣ ለእኛ ቤት ሊበቃ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ እየሄድኩ በጣቴ አንኳኳዋለሁ። ለክፍል ጓደኞቼማ ቤታችን ከተከደነ ቆይቷል፤ በወሬ ከድኜዋለሁ።

አባቴ እናቴን ከማግባታቸው በፊት ከሚዛን ወጣ ብላ ባለችው ሸዋ ቤንች ከእትዬ ጌጤ የወለዷት ልጅ እንዳለቻቸው አውቅ ነበር፤ አይቻት ግን አላውቅም። ስሟ መሰለች ነው። ስትወለድ ቁርጥ አባቷን ሆና ስለወጣች እንዲህ አሏት ተብሎ ሲነገር ሰምቻለሁ። እኔ ጥሩነሽ እባላለሁ፤ የምመስለውም እናቴን ነው። ስለዚህ ገና ሳላያት በስሟ ቀንቼ ጨርሻለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ ከዚያ አካባቢ ኮረሪማ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ የእትዬ ጌጤ ቤት ክዳን በዝናብ ብዛት ተደርምሶ እናትና ልጅ ጎረቤት መጠጋታቸውን ለአባቴ ነገራቸው። አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ዝናብ እየወጡ ጓሮ ቆመው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ለሁለት ቀናት የሳቸውን መውጣትና መግባት ስታይ የቆየችው እናቴ፣ ምሳ ስታቀርብ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ልጅዎ ዝናብ ላይ ወድቃ ቆርቆሮ ጓሮ አይከመርም። ይውሰዱላት።»

አባቴ እጃቸውን ከትሪው ላይ ሰብስበው አዩዋት።

«የእኛስ?»

«የእኛ ገና አልወደቀም» አለች። ቀጥላም «ጥሩነሽ አብራዎት ትሂድ፤ ታግዝዎታለች» ብላ ወደ ማጀት ገባች።

እኔ የተላክሁት ለእገዛ አልመሰለኝም፤ አባቴን ለመጠበቅ ነው ብዬ ነው የወሰድኩት። በማግስቱ ቆርቆሮአችን በጭነት መኪና ላይ ሲወጣ ቆሜ ሳይ አንድ ሰው ከነሕይወቱ የተወሰደብኝ ያህል ተሰማኝ። መንገዱን ሁሉ ከቆርቆሮው በላይ ተቀምጬ ነው የሄድኩት፤ በየጉድጓዱ ስንዘል ቆርቆሮው ከስሬ ይንጫጫ ነበር።

ሸዋ ቤንች ስንደርስ ጭጋጉ ቡናውን ከነጥላ ዛፉ ውጦት ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት አይቻልም ነበር። ከዚያ ጭጋግ ውስጥ አንዲት ረዘም ያለች ልጅ እየሮጠች መጥታ አባቴ ላይ ተጠመጠመች። የአባቴ ግንባር፣ የአባቴ አፍንጫ፣ የአባቴ ሰፋፊ ጆሮዎች ሳይቀሩ ፊቷ ላይ አሉ።

«አባዬ፣ መጣህ?» አለች።

መጣህ። እኔ አባቴን ከአፌ ቃል ሲወጣ ጀምሮ «እርስዎ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ እኛ ቤት ሌላ ዓይነት አነጋገር የለም። እሷን ግን በዓመት አንዴ ብቅ ለሚል አባት አንቱታ ያስተማራት አልነበረም። አባቴ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ያን ሳቅ ቤታችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ሥራው በበነጋው ተጀመረ። ሁለት የሰፈሩ ሰዎች ቆርቆሮውን ከታች ያቀብላሉ፤ አባቴ ላይ ሆነው ይመታሉ። በብርድ ቆርቆሮ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። በካፊያው የራሰው ቆርቆሮ እጅን ያደነዝዛል፤ እግር ያንሸራትታል፤ ከሚስማሩ ራስ ስር የሚገባው ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሚዛን ላይ አንድ ሚስማር ስተው የማያውቁት አባቴ ጣታቸው እየደነዘዘ ከእንጨቱ ጎን ይመቱ ጀመር፤ በሳቱ ቁጥር ሚስማሩን ነቅለው፣ ባዶውን ቀዳዳ በከሰል ይከቡትና ወደ ሌላው ያልፋሉ። የተከበበው ሁሉ በኋላ በሬንጅ ይደፈናል።

«አባዬ፣ እጅህ በረዶ ሆኗል። ውረድና ሙቅ» አለች መሰለች ከመሰላሉ ስር ሆና።

እኔም ቅዝቃዜውን አይቻለሁ፤ «ይውረዱ» ማለት ግን ድፍረት መስሎኝ ነበር። አባቴ ወረዱ። ሁለት እጃቸውን በመዳፎቿ መሃል አድርጋ ትተነፍስባቸው ጀመር፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን እጃቸውን ሰጥተው ቆሙላት። ከዚያም ከጎረቤት ቤት የቡና ቅጠል በዝንጅብል አፍልታ አመጣች፤ ጠጡና እንደገና ሲወጡ ይዘዋት ወጡ። መዶሻውን ሰጧት። ያ መዶሻ እኛ ቤት ከበሩ በላይ የሚሰቀል ነው፤ አንድ ቀን ብነካው «ጣትሽን ትቀጠቅጪያለሽ፣ አስቀምጪ» ተብያለሁ። መሰለች ግን የአባቴ እጅ እጇን ይዞ አንድ ሚስማር መታች፤ ሁለተኛውን ብቻዋን መታች። ሦስተኛውን ስትስት ሁለቱም ሳቁ፤ አባቴም ቀዳዳውን በከሰል ከበቡላት።

እኔ ታች እሳት አጠገብ ነበርኩ። የእኔ ድርሻ ሬንጅ ነው። ቀላል ስለሆንኩ ቆርቆሮውን አታጎብጪውም ተብዬ ክፈፍ ክፈፉን እየዳኸሁ ክቦቹን እንድደፍን ታዘዝኩ። በዚያ ብርድ ሬንጁ ከእሳት በወረደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይደርቃል፤ አራት አምስት ቀዳዳ እንደደፈንኩ ወርጄ አሙቄ መልሼ መውጣት አለብኝ። ጣቶቼ ተጣበቁ፤ ፀጉሬ ሳይቀር ሬንጅ ሆነ። ለእሷ መዶሻ፣ ለእኔ ቅብ።

የመጨረሻው ክብ ጋ ስደርስ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ወደ ታች አየሁ። ከስር በሙዝ ቅጠል የተሸፈነ አልጋ አለ። የመሰለች አልጋ ነው፤ ቀዳዳው ትክክል ከራስጌዋ በላይ ነው። ጣሳዬ ውስጥ ሬንጅ ነበር፤ ትኩስ ነበር። በእርጥብ መዳፌ የከሰሉን ክብ ጠረግሁትና አልፌው ወረድኩ።

«ጥሩነሽ፣ የቀረ ክብ አለ?» አሉ አባቴ ከታች።

«የለም አባባ፤ ሁሉንም ቀብቻለሁ።»

«ጎበዝ» አሉኝ። በዚያ ጉዞ ለእኔ የተሰጠችኝ ምስጋና ያቺ ብቻ ነበረች፤ እሷንም በውሸት ነው ያገኘኋት።

ቤት ስንመለስ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «የት አደራችሁ?» አለች። አባባ ከወንዶቹ ጋር አንድ ቤት፣ እኔ ደግሞ ከመሰለች ጋር ሌላ ቤት አልኳት። መሰለች የግድግዳውን ጥግ ለእኔ ለቅቃ ብርድ ልብሷን እንዳለበሰችኝ ግን አልነገርኳትም። እናቴ ሬንጅ የያዘ ፀጉሬን በላምባ ታጥበው ጀመር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ነጋዴ ጣሪያው ያፈሳል የሚል መልእክት ይዞ መጣ። ደስታዬን ለመደበቅ ውጪ ወጣሁ። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ሬንጃቸውን ይዘው ሄዱ፤ እሑድ ማታ ተመለሱ። ወር ሳይሞላ እንደገና ያፈሳል ተባለ። እንደገና ሄዱ። ያ ክረምት አልፎ ሌላው መጣ፤ ከዚያም ሌላው፤ ጣሪያው ማፍሰሱን አልተወም። አባቴ ቀድሞ ቅዳሜን ቤት ነበሩ፤ ወንበር ሲጠግኑ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። ያንን ቅዳሜ ክረምት በገባ ቁጥር ሸዋ ቤንች ወሰደብን። ያጎደልኩት እኔ፣ የጎደለብኝም እኔ ሆንኩ። በቅናት የሠራሁት ነገር ቅናቴን እጥፍ አደረገው።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከወጡ በኋላ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ለራሷ የምትናገር መስላ «በየክረምቱ የሚያፈስ ምን ዓይነት ቆርቆሮ ነው?» አለች። ዓይኗን ያስለቀሳት ሽንኩርቱ እንዳልሆነ ገባኝ። የአባቴን መመላለስ ከጣሪያው ሳይሆን ከእትዬ ጌጤ ጋር ነበር ያያያዘችው። አንዲት ቃል ብናገር ጥርጣሬዋ ይቀልላት ነበር፤ ሬንጅ ያልነካት ቀዳዳ እንዳለች፣ የት እንደሆነችም ከእኔ በቀር የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የአባቴ ፊት ትዝ አለኝና ባልዲ አንስቼ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። እናቴ ያን ጥርጣሬ ይዛ ኖራ፣ ይዛው አረፈች።

አባቴ እሷን ተከትለው በሞቱ በአርባኛው ቀን መሰለች ልጆቿን አስከትላ መጣች። እንግዳው ከተበተነ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሁለታችን ብቻችንን ሳህን ስናጥብ፣ ከዚህ በኋላ የምፈራው ሰው እንደሌለ ተሰማኝ።

«መሰለች፣ ጣሪያሽ ያፈስ የነበረው በእኔ ነው። ከራስጌሽ በላይ የነበረችውን ቀዳዳ ሆን ብዬ ሳልደፍናት ተውኳት» አልኳት።

የያዘችውን ሳህን አድርቃ አስቀመጠችው።

«እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። አላሾፈችም።

«መጀመሪያ ጊዜ ውሃው ግንባሬ ላይ ሲወርድ አልቅሻለሁ» አለች። «ከዚያ አባዬ መጣ። ደፈነና መያዙን ላረጋግጥ ብሎ ዝናቡን ሊጠብቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ደግሞ ያን ቀን እምቢ አለ። ጎደሬ ቀቅለን እየበላን እስኪመሽ አወራኝ። እናቱ ዘርፌ እንደምትባል፣ በልጅነቱ ከወንዝ አውጥታ እንዳተረፈችው፣ ሁሉን ነገረኝ። ሲሄድ የጃንጥላ ሽቦ ፈልጌ አልጋው ላይ ቆምኩና ሬንጁን ከስር ገፋሁት። በብርድ የተቀባ ሬንጅ ደህና አይዝም፤ ወዲያው ወጣ።»

«በየጊዜው?»

«በየጊዜው። እናንተማ ሁልጊዜ አላችሁት። እኔ ምን ልበለው? ና ብዬ ብልክበት በምን ሰበብ ይመጣል?» አለች። ሌላ ሳህን አነሳች። «በኋላ ያወቀብኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን ሽቦውን ከአልጋዬ ስር አገኘው። ጫፉ ላይ ሬንጅ ነበረበት። አገላብጦ አየውና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። በሚቀጥለው ወር መልእክት ስልክበት መጣ።»

ያን ሁሉ ዓመት ከአባቴ ጋር ኖሬ የአያቴን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ዘርፌ መባሏን። መሰለች ስታወራ ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ያ ግንባር፣ ያ አፍንጫ ሳህን ላይ አጎንብሶ ሳየው አባቴ የመጡ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ የቀናሁባት በአንድ መዶሻ ነው፤ ያን ምሽት የቀናሁባት ግን እሷ ባየቻቸውና እኔ ባላየኋቸው አባቴ ነው። የመጀመሪያው አልፏል፤ ሁለተኛው አላለፈም፤ የሚያልፍም አይመስለኝም። ዛሬ እህቴ ናት፤ ለገናም ለፋሲካም እንጠያየቃለን። ሸዋ ቤንች በሄድኩ ቁጥር ግን ያ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ዓይኔ ያርፋል፤ እሷም ታያለች፤ ሁለታችንም ሌላ ወሬ እናነሳለን።

እኔ አሁንም የምኖረው አባቴ በከደኑት ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮ እንደገና አጠራቅመው ከስንት ዓመት በኋላ በጥር ፀሐይ፣ እጃቸው ሳይደነዝዝ፣ ሚስማሩን ሁሉ ከእንጨቱ መሃል እያሳረፉ ብቻቸውን ነው የከደኑት፤ የሚደፈን ቀዳዳም ስላልነበረ እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ። አሁን ዝናቡ በኃይል እየመታው ነው። ይህ ጣሪያ እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አስገብቶ አያውቅም።