በተከራካሪዎች ፈቃድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ለመሸኘት አርባ ምንጭ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ረዳቱ የመኪናውን በር እየደበደበ «ጂንካ! ጂንካ የቀረው አንድ ሰው!» ሲል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች። ዳኛ ሆና ተመድባ ነው። እኔም በእሷ ዕድሜ፣ ለዚያው ሥራ፣ ወደዚያችው ከተማ ሄጃለሁ። የእኔ ጉዞ ግን በአይሱዙ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ከአንዲት ነፍሰ ጡርና ከሁለት ዶሮዎቿ ጋር ተጣብቄ። ቀይ አፈር ስንደርስ ጸጉሬ በአቧራው እንደ አገሩ ስም ቀልቶ ነበር።

ጂንካ ያኔ ትንሽ ነበረች። የአውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማ የተዘረጋ ሣር ሜዳ ስለነበር፣ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላሞች ይግጡበታል፤ እኛም አቋርጠነው ሥራ እንገባለን። ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ምሳዬ ብዙ ጊዜ ቦዬ የሚሉት የተቀቀለ ሥራ ሥር በሚጥሚጣ ነበር። ሆሳዕና ቆጮ በልቼ ስላደግሁ ምግቡ አልከበደኝም። የከበደኝ ሥራው ነው።

በገባሁ በጥቂት ወራት አንድ መዝገብ ቀረበልን። አስቴር የምትባል የአሪ ሴት ባሏ ሦስት ልጆች ጥሎባት ሞተ። የሟች ወንድም እሷንም እርሻውንም ልውረስ ብሎ መጣ። እንሰት፣ ቡናና ኮረሪማ ያለበት ጓሮ ነው፤ ግማሹን የተከለችው ራሷ ናት። ፍርድ ቤት አቤት ስትል የባሏ ወንድም መቃወሚያ አቀረበ። ጉዳዩ ለእኔ ተፈርዶ በሽማግሌ አልቋል፣ እሷም እዚያው ተቀምጣ ሰምታለች፣ ፍርድ ቤቱ ሊያየው አይገባም አለ።

ሕገ መንግሥቱ ገና አዲስ ነበር። ሦስታችን ዳኞች በጠባቧ ቢሮ አንዱን ቅጂ ከበን ተቀመጥን። የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ሕግ ቢዳኝ አይከለክልም፤ ግን «በተከራካሪዎች ፈቃድ» ይላል። ግማሽ ቀን በእነዚህ ሁለት ቃላት ተከራከርን።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ተፈራ፣ በሦስት መንግሥት ያገለገሉ ሽበታም፣ «ፈቃድ ማለት አፍ አውጥቶ እሺ ማለት ነው» አሉ።

ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚቀድመው ዳኛ በቀለ አልተዋጠለትም። «ተጠርታ ሄደች፣ ሰማች፣ አልተቃወመችም። በአገሩ ደንብ ይኼ ፈቃድ ነው። ባህል ይከበር የሚል ሕገ መንግሥት ይዘን፣ ከሌላ ቦታ የመጣን ሰዎች ሽማግሌዎቻቸውን ልንሽር ነው?»

ይኼ ንግግር ልቤን ነካው። እኛም አገር ሽማግሌ ስንት ቤት ከመፍረስ ሲያድን አይቻለሁ። ደግሞ ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ፤ ለሴት አዳላች እንዳልባል ፈራሁ። ወደ በቀለ አዘነበልኩ። ግን ቁርጤን ለመናገርም አልደፈርኩም። «ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተጠርተው ይጠየቁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ቀን ለመግፋት ያመጣሁት ሰበብ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌው መጡ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው የጨበጡ። አስተርጓሚ ቆመላቸው።

«አባቴ፣ ጉዳዩ በሽማግሌ ይለቅ ወይ ብላችሁ አስቴርን ጠይቃችኋት ነበር?» አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እሷን? ሟቹ የእኛ፣ መሬቱ የእኛ። ምን ብለን ነው የምንጠይቃት?»

«ዝም ስትልስ ምን መሰላችሁ?»

 ሽማግሌው አስተርጓሚውን ትተው በራሳቸው አማርኛ ቀጠሉ።

«እኔ ልጅ ሆኜ ሹም መጣ። የአባቴን መሬት በገመድ ለካ፣ ለሌላ ሰው ሰጠ። አባቴ እዚያው ቆሞ ነበር። ዝም አለ።» ከዘራቸውን መሬት ላይ ቸከሉት። «እሺ ብሎ አይደለም ዝም ያለው።»

 የባሏ ወንድም አንገቱን ደፋ። አስቴር ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችን። በቀለ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። በማግስቱ መቃወሚያውን ውድቅ ስናደርግ ከሦስታችን ቀድሞ የፈረመው እሱ ነበር። ኋላም ጉዳዩን አይተን፣ ቤቱና ጓሮው ለእሷና ለልጆቿ እንዲጸና ፈረድን።

ከወራት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ኮረሪማ ዘርግታ አገኘኋት።

«እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ቤቱ አለ። ልጆቹም ይማራሉ» አለች። ኮረሪማዋን እያስተካከለች፣ «የባሌ ዘመዶች ግን አያናግሩኝም። ጣሪያዬ ሲያፈስ ማንም አልመጣም። እኚያ ሽማግሌ ብቻ ልጆቻቸውን ልከው ሣር አለበሱልኝ» አለችኝ።

አንድ እፍኝ ኮረሪማ ዘግና ዘረጋችልኝ። ዳኛ ስጦታ አይቀበልም ብዬ ገንዘብ ሳወጣ ፊቷ ጠቆረ። ከፍዬ ሄድኩ። ደንቡን ጠበቅሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ሳስበው ያመኛል።

ከዳኝነት ከወጣሁ ቆየሁ። ያ ፍርድ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢቀርብልኝ ያንኑ እፈርማለሁ። ሽማግሌው ያን ቀን ካሉት የበለጠ የዚያን አንቀጽ ትርጉም ያስረዳኝ መምህርም መጽሐፍም አላገኘሁም። ግን እዚያች ቢሮ ተቀምጠን ስለ አስቴር ፈቃድ ያን ያህል ስንከራከር፣ ከፍርዱ በኋላ ከማን ጋር እንደምትኖር አንዳችንም አልጠየቅናትም። ጠይቁ የሚል ሕግ አልነበረም። የሚከለክልም አልነበረም።